የዋሽንግተን አካባቢን ኢኮኖሚ ከምንጩ ማንበብ፦ ሊዝ ከመፈረም፣ ቤት ከመግዛት ወይም ሥራ ከመቀየር በፊት

በዲኤምቪ (በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ) የሥራ አጡ ቁጥር ጨመረ የሚል ዜና ጆሮ ሲደርስ፣ ሥራውን ያሳጣው ውሳኔ ከተላለፈ ብዙ ጊዜ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት አልፎታል። ዜናውን ጠብቆ የሚወስን ሰው ሁሌም ዘግይቶ ይደርሳል። ሬስቶራንት ለመክፈት የአሥር ዓመት ሊዝ የፈረመ፣ በሁለት ደመወዝ ተማምኖ ቤት የገዛ፣ የተሻለ ብር አግኝቶ ከአንድ ኮንትራክተር ወደ ሌላ የተዛወረ ሰው ይህን መዘግየት የሚያውቀው ሒሳቡ ከመጣ በኋላ ነው። ቀድሞ ማወቅ ግን ይቻላል። መረጃው በነጻ፣ ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል፤ የሚያስቸግረው የቱን፣ መቼ፣ እንዴት ማንበብ እንደሚገባ ማወቁ ነው።

ዲሲን ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ዳርቻዎቿ ጋር የያዘው አካባቢ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርበታል፤ በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብም እዚሁ ነው። በ2025 መጀመሪያ (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) በዚህ አካባቢ ካለው 100 ሥራ 11 ያህሉ በቀጥታ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ 2 አይሞላም። ዲሲ ከተማ ውስጥ ብቻ ከተቆጠረ ደግሞ ከአራት ሥራ አንዱ ገደማ ነው። ኮንትራክተሮቹ፣ እነሱን የሚያመላልሰው ሾፌር፣ ምሳ የምታቀርበው እህት፣ መኪናቸውን የሚያቆምላቸው የፓርኪንግ ሠራተኛ በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። ስለዚህ እዚህ «ኢኮኖሚው እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ «ኮንግረስ ስንት ፈቀደ? መሥሪያ ቤቱ ስንቱን አወጣ? የት ላይ አወጣው?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድና ሰዓቱ

የፌዴራሉ በጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ገብቶ ሴፕቴምበር 30 ያልቃል። ኮንግረስ በየዓመቱ 12 የበጀት ሕጎችን ከኦክቶበር 1 በፊት ማጽደቅ ይጠበቅበታል፤ ሁሉም በጊዜያቸው የጸደቁት ለመጨረሻ ጊዜ በ1996 ነው። ከዚያ ወዲህ የተለመደው ጊዜያዊ ማራዘሚያ ነው። መሥሪያ ቤቶች ባለፈው ዓመት መጠን እያወጡ ይቆያሉ፣ አዲስ ፕሮግራም ግን መጀመር አይችሉም። አሠሪዎ «ኮንትራቱን አሸንፈናል፣ በኖቬምበር ይጀመራል» ካለዎት ያ ሥራ አዲስ ነው ወይስ የነባር ቀጣይ ብለው ይጠይቁ። አዲስ ከሆነና አገሩ በማራዘሚያ ላይ ካለ እስከ ፌብሩዋሪ ወይም ማርች ሊንሸራተት ይችላል። የድሮውን ሥራ በዚህ ቃል ብቻ መልቀቅ አደገኛ ነው።

ከጸደቀ በኋላ ገንዘቡ ሦስት ደረጃ ያልፋል። መጀመሪያ ይፈቀዳል። ቀጥሎ መሥሪያ ቤቱ ውል ሲፈርም ለዚያ ውል ይታሰራል። በመጨረሻ ሥራው ተሠርቶ ይከፈላል። ለእኛ ዋናው መካከለኛው ደረጃ ነው፤ ቅጥርና ሌይኦፍ የሚወሰነው በታሰረው ገንዘብ ላይ ነውና። አብዛኛው የዓመት በጀት ሴፕቴምበር 30 ላይ ካልታሰረ ስለሚቃጠል ኦገስትና ሴፕቴምበር ውል የሚጎርፍባቸው ወራት ናቸው። በሴፕቴምበር ብዙ ውል ተፈረመ ማለት አካባቢው እያደገ ነው ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ እንዲሁ ነው። ማወዳደር ያለብዎ ሴፕቴምበርን ካለፈው ሴፕቴምበር ጋር ነው።

የራስዎ ገቢ ምን ያህል ከመንግሥት እንደሚመጣ ያስሉ

ሌላውን ሁሉ ከማንበብዎ በፊት ይህን ይሥሩ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የቤቱን ወርሃዊ ገቢ በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ከመቶ ስንቱ ከፌዴራል ገንዘብ እንደሚመጣ ይጻፉ። የመንግሥት ተቀጣሪ ደመወዝ 100 ነው፤ በፌዴራል ውል ላይ የሚሠራ ኮንትራክተርም 100 ነው። ባለ ንግድ ከሆኑ የሚጽፉት ከደንበኞችዎ ገንዘብ ምን ያህሉ ከመንግሥት ደመወዝ እንደሚመጣ ነው።

አንድ ቤት እንበል። ባል በአይቲ ኮንትራክተርነት በወር 6,400 ዶላር ያስገባል፤ ሚስት ከቡና ቤቷ 3,000 ዶላር ታገኛለች፤ ከቡና ቤቱ ሽያጭ 40 በመቶው የሥራ ቀን ምሳ ነው። ከመንግሥት የሚመጣው 6,400 ሲደመር 1,200፣ በድምሩ 7,600 ዶላር ነው። ከጠቅላላው 9,400 ሲታሰብ 81 በመቶ ይሆናል። ይህ ቤት ለባንክ ሁለት ገቢ አለው ይባላል። በእውነቱ ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ነው የሚቀዱት፤ ምንጩ ሲነጥፍ ሁለቱም አብረው ይነጥፋሉ። ሞርጌጅ ሲሰላ ይህን የሚያይልዎ ባንክ የለም፣ ራስዎ ማየት አለብዎ።

ያ 40 በመቶ ከየት ይገኛል? ለባለ ንግድ በጣም ጥሩ መለኪያ አለ። በ2025 በጀቱ ሳይጸድቅ ቀርቶ መንግሥት ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12፣ 43 ቀን ተዘግቶ ነበር፤ በአሜሪካ ታሪክ እስከዚያ ከታዩት ሁሉ ረጅሙ ሻትዳውን ነው። የካሽ ማሽንዎን መዝገብ ይክፈቱና የእነዚያን ሳምንታት ሽያጭ ከ2024 ተመሳሳይ ሳምንታት ጋር ያስተያዩ። ከዚያ ደግሞ ከሻትዳውኑ በፊት የነበረውን ልዩነት ይቀንሱለት፤ ያለዚያ ሌላ ምክንያት ያመጣውን ጉድለት በሻትዳውን ላይ ይለጥፋሉ። ለምሳሌ የጁንና የጁላይ 2025 ሽያጭ ከ2024 በ4 በመቶ ያነሰ ቢሆን፣ የሻትዳውኑ ጊዜ ደግሞ በ19 በመቶ ቢያንስ፣ በሻትዳውን የጠፋው 15 በመቶ ነው። ጁንና ጁላይ የተመረጡት ዲሲ ውስጥ ላሉ ቤቶች ኦገስት 2025 ጥሩ መነሻ ስላልሆነ ነው፤ በዚያ ወር ብሔራዊ ዘብ በከተማዋ ስለተሰማራ የምሽቱን ገበያ ያ ይቀንሰው፣ ሌላ ነገር ይቀንሰው መለየት ያስቸግራል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ላሉ ይህ ያን ያህል አያሳስብም።

ይህ ቁጥር ከተገኘ መጠባበቂያውን ማስላት ቀላል ነው። ሽያጩ በወር 48,000 ዶላር ከሆነ 15 በመቶው 7,200 ዶላር ነው። ሽያጭ ሲወርድ የዕቃ ወጪ አብሮ ይወርዳል፤ የሠራተኛ ሰዓት ግን በከፊል ብቻ ይቀነሳል፣ ኪራይና ኢንሹራንስ ንቅንቅ አይሉም። ከጠፋው ሽያጭ 45 በመቶ ያህሉን በወጪ ቅነሳ ካዳኑ በወር የሚጎድልዎ 3,960 ዶላር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው በ43 ቀን ብቻ በማባዛቱ ነው። ሠራተኛው ወደ ሥራ ሲመለስና ውዝፍ ደመወዙን ሲቀበል መጀመሪያ የሚከፍለው የክሬዲት ካርድና የኪራይ ዕዳውን ነው፤ ምሳ ውጭ መብላት የሚመለሰው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ ሦስት ወር ያስቡ፦ 11,880 ዶላር። ይህ በባንክ ካለ ሻትዳውን ያስጨንቃል እንጂ አይዘጋዎትም።

ሻትዳውንና ቅነሳ አንድ አይደሉም

በየካፌው ሁለቱ አንድ ላይ ይወራሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ይለያያል። ሻትዳውን ጊዜያዊ ነው። የፌዴራል ሠራተኛ በ2019 በወጣው ሕግ መሠረት ቤት የተቀመጠበትን ጊዜ ደመወዝ በኋላ ያገኛል። ኮንትራክተር በዚህ ሕግ አልተሸፈነም፤ የጽዳት፣ የጥበቃና የካፍቴሪያ ሠራተኞች የጠፋውን ቀን አያገኙትም። ደመወዝ በየሁለት ሳምንቱ ስለሚከፈል ሕመሙም ደረጃ አለው። በ2025 ኦክቶበር 10 አካባቢ የመጣው ቼክ ከፊል ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የቀረው የኦክቶበር 24ቱ ነው። ሻትዳውን ከተጀመረ ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ድረስ ገበያው ደህና መስሎ ቢታይ አይዘናጉ፣ ዕዳው ገና አልደረሰም።

ቅነሳ (ሥራው ወይም በጀቱ ለዘለቄታው ሲቆረጥ) ግን የማይመለስ ነው፣ መጠባበቂያም አይሸፍነውም። በመጠባበቂያ ብር ቅነሳን ለመሻገር የሚሞክር ንግድ ብሩንም ንግዱንም ያጣል፤ ለቅነሳ የሚበጀው ኪራዩን እንደገና መደራደር፣ ሰዓት መቀየር፣ ከሥራ ቀን ምሳ ወደ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ ገበያ መዞር ነው። የዩናይትድ ስቴትስ ዓለም አቀፍ የልማት ተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) ጁላይ 1 ቀን 2025 ሲዘጋ ቢሮው በነበረበት በሬገን ሕንፃ ዙሪያ ምሳ ይሸጡ የነበሩ ቤቶች ያጡት ደንበኛ ሻትዳውን ሲያልቅ የሚመለስ ዓይነት አልነበረም።

በመሐል የሚወድቅ አንድ ዘርፍ አለ፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚሠሩበት የቤት ለቤት እንክብካቤ። የመንግሥት የጤና ኢንሹራንሶቹ ሜዲኬይድና ሜዲኬር በሻትዳውን አይቆሙም፣ ስለዚህ የሆም ሄልዝ ሥራ በ43ቱ ቀናት ቀጥሎ ነበር። ነገር ግን ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ የሜዲኬይድን ወጪ በዓመታት ውስጥ የሚቀንስ ስለሆነ፣ ይህ ዘርፍ ከሻትዳውን የተጠበቀ ቢሆንም ከቅነሳ የተጠበቀ አይደለም። ኤጀንሲ ለመክፈት የሚያስቡ ሁሉ ይህን ይዘው ያስሉ።

የኮንትራቱን ገጽ ማንበብ

ዩኤስኤስፔንዲንግ ዶት ጎቭ የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ እያንዳንዱን የፌዴራል ውል ያሳያል። «አድቫንስድ ሰርች» ውስጥ ገብተው ቦታ ሲመርጡ ሁለት ምርጫ ያገኛሉ፦ ገንዘቡን የተቀበለው ድርጅት ያለበት ቦታና ሥራው የሚሠራበት ቦታ። ሁልጊዜ ሁለተኛውን ይምረጡ። ለምን ቢሉ ሎክሂድ ማርቲን ዋና ቢሮው ቤተስዳ ነው፤ ኤፍ 35 ጀት የሚገጣጠመው ግን ፎርት ወርዝ፣ ቴክሳስ ነው። በመጀመሪያው ምርጫ የፈለገ ሰው ቴክሳስ የሚበላውን ብር ሞንትጎመሪ ካውንቲ ይቆጥረዋል። ካውንቲውን (ፌርፋክስ፣ ሞንትጎመሪ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ፣ አርሊንግተን) ለይተው የዘንድሮውን ሩብ ዓመት ከአምናው ተመሳሳይ ሩብ ጋር ያወዳድሩ። የመከላከያ ሚኒስቴር ውሎች ለደኅንነት ሲባል 90 ቀን ዘግይተው ስለሚወጡ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሁልጊዜ የቀነሱ ይመስላሉ። ቨርጂኒያ ላይ ያለውን ሰው በከንቱ የሚያስደነግጠው ይህ ነው።

በኮንትራክተርነት የሚሠሩ ከሆነ የራስዎን ውል ቁጥር ከሥራ አስኪያጅዎ ጠይቀው ይፈልጉት። ገጹ ላይ ሦስት የገንዘብ መጠንና ሁለት ማብቂያ ቀን ያያሉ። ለምሳሌ እስካሁን የታሰረው 8.2 ሚሊዮን፣ አሁን የተፈረመው 9 ሚሊዮን፣ ሁሉም አማራጭ ዓመት ቢራዘም የሚደርሰው 45 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል። አሁን ያለው ማብቂያ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2026፣ ሊደርስ የሚችለው ደግሞ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2028። ድርጅቱ ሲቀጥርዎት «የ45 ሚሊዮን፣ እስከ 2028 የሚዘልቅ ውል» ይልዎታል። የእርስዎ እውነት ግን 8.2 ሚሊዮኑና 2026 ነው። አማራጭ ዓመቱን ማራዘም የመንግሥት መብት እንጂ ግዴታ አይደለም፤ የተፈረመውንም ቢሆን መንግሥት «ለራሱ አመቺነት» ብሎ ማቋረጥ ይችላል። እንግዲህ ከማብቂያው ቀን አራት ወር በፊት ጀምሮ በየሳምንቱ ገጹን ይመልከቱ። አዲስ ገንዘብ ሳይታሰር፣ መንግሥት ጨረታ በሚያወጣበት በሳም ዶት ጎቭ ላይም ሥራው በአዲስ ጨረታ ሳይወጣ ስድስት ሳምንት ከቀረ ሲቪዎን ያድሱ። በአዲስ ጨረታ ከወጣ ደግሞ ተስፋ አይቁረጡ፤ ያሸነፈው ድርጅት ብዙ ጊዜ ነባሩን ሠራተኛ ይወስዳል፣ ደመወዙን ግን ሊቆርጥ ይችላል።

የሥራ ቁጥሮቹን ማንበብ

የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮው ሁለት የተለያዩ ሠንጠረዦች ያወጣል፤ በሚዲያ ሲቀላቀሉ ይሰማል። አንዱ ሥራን የሚቆጥረው በሚሠራበት ቦታ ነው፤ ሌላው የሥራ አጡን መጠን የሚቆጥረው ሰው በሚኖርበት ነው። ዲሲ ውስጥ ሥራ ያጣ የላርጎ ነዋሪ በመጀመሪያው ሠንጠረዥ የዲሲ ጉድለት፣ በሁለተኛው የፕሪንስ ጆርጅስ ሥራ አጥ ነው። የገቢ ግብሩም የሚጎድለው ከሜሪላንድ ነው፤ በ1973ቱ የራስ አስተዳደር ሕግ ዲሲ ከነዋሪዋ ውጭ ያለን ሰው ደመወዝ ግብር ማስከፈል አትችልምና። ምሳ ቤት ያለው ሰው የሥራ ቦታውን ሠንጠረዥ፣ ቤት ገዢው የመኖሪያውን ሠንጠረዥ ይመልከት።

ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ የካውንቲ የሥራ አጥ ቁጥሮች ለወቅት ያልተስተካከሉ ስለሆኑ ጃንዋሪን ከዲሴምበር ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም፤ ጃንዋሪን ካለፈው ጃንዋሪ ጋር ብቻ። ሁለተኛው፣ የፌዴራል ሥራ ቆጠራው ሲአይኤንና ሌሎች ዋና የስለላ ድርጅቶችን አይጨምርም፤ ስለዚህ የሰሜን ቨርጂኒያ ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ ነው። ሦስተኛው በ2025 ብዙ ሰው ያሳሳተው ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ «አሁን ልቀቁ፣ እስከ ሴፕቴምበር 30 ይከፈላችኋል» በሚለው ግብዣ የወጡ ሠራተኞች ደመወዝ እስከተከፈላቸው ድረስ እንደ ተቀጣሪ ይቆጠሩ ነበር። በጋውን ሁሉ ቁጥሩ የከፋ አይመስልም ነበር። ኦክቶበር ላይ ግን የፌዴራል ሥራ በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ወር በ162,000 ወረደ። ሰዎቹ ቢሮ የለቀቁት ከወራት በፊት ነው፤ ምሳ ቤቶቹም ያወቁት ያኔ ነው።

ከዚህ የፈጠነ ምልክት ሜትሮ ነው። የባቡር ድርጅቱ በየጣቢያው የሚገባውን ሰው ቁጥር ያወጣል። ፌዴራል ትራያንግልን፣ ላንፎን ፕላዛን፣ ፔንታጎንን፣ ለኤንአይኤች (ብሔራዊ የጤና ተቋማት) ደግሞ ሜዲካል ሴንተርን ይክፈቱ፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስን ብቻ ካምናው ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ያስተያዩ። ጥንቃቄ ግን ያሻዋል፦ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ሠራተኛው ሁሉ ወደ ቢሮ እንዲመለስ በመታዘዙ ሥራ እየቀነሰ ባቡሩ ሲሞላ ታይቷል። የሞላ ባቡር ብቻውን የሠራተኛ ብዛት ማስረጃ አይደለም።

አንድ ትንበያ ብቻ የማንበብ ጊዜ ካለዎ የዲሲ ዋና የፋይናንስ ኃላፊ ቢሮ በየሩብ ዓመቱ (በተለምዶ በፌብሩዋሪ፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር) የሚያወጣውን የገቢ ግምት ያንብቡ። የከተማዋ በጀት የሚታሰረው በዚያ ስለሆነ ለማስደሰት ተብሎ አይጻፍም። ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ከ2026 እስከ 2028 ባሉት በጀት ዓመታት በአማካይ በዓመት 342 ሚሊዮን ዶላር እንደሚጎድል፣ በዲሲ ያለው የፌዴራል ሥራም በ40,000 ገደማ እንደሚቀንስ ገምቶ ነበር፤ በርካታ ሰዎች ገና «ወሬ ነው» በሚሉበት ሰዓት። የብድር ደረጃ የሚያወጣው ድርጅት ሙዲስ የዲሲን ደረጃ ኤፕሪል 2025፣ የሜሪላንድን ሜይ 2025 ዝቅ ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ሜሪላንድ ለሚኖሩ የግዛቷ የገቢ ግምት ቦርድ በሴፕቴምበር፣ በዲሴምበርና በማርች የሚያወጣው ተመሳሳይ ነው።

የጅምላ ሌይኦፍ ማስታወቂያ ዝርዝሮችንም ሦስቱም መንግሥታት ያወጣሉ። የፌዴራሉ ሕግ 60 ቀን ቀድሞ እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ግን 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ድርጅት ነው። የእኛ ሰው የሚበዛባቸው ትንንሽ ሰብኮንትራክተሮች እዚያ ዝርዝር ላይ አይታዩም፤ የዋናውን ኮንትራክተር ስም ይፈልጉ።

ሊዝ፦ ከጎረቤትዎ ቢሮ ያለው ማን ነው?

ገንዘቡ ሳይቀንስ ቦታ ሊቀይር ይችላል፤ ሰፈር የሚገድለው ይህ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ያሉትን ስካይላይን የሚባሉ የቢሮ ሕንፃዎች ያየ ሰው ይህን ለማመን ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ሕንፃዎቹ ለዓመታት በመከላከያ መሥሪያ ቤቶችና በኮንትራክተሮቻቸው ተሞልተው ነበር። የ2005ቱ የጦር ሠፈሮች ማደራጃ ውሳኔ የመከላከያ ቢሮዎች እስከ ሴፕቴምበር 2011 ከኪራይ ሕንፃ ወጥተው እንደ ፎርት ቤልቮርና ፎርት ሚድ ወዳሉ ሠፈሮች እንዲሄዱ አዘዘ። የመከላከያ በጀት በእነዚያ ዓመታት አልጠፋም፤ ከስካይላይን ግን ወጣ። ፎቆቹ ባዶ ቀሩ፣ ባለቤቱ ብድሩን መክፈል አቅቶት ሕንፃዎቹን ለአበዳሪ አስረከበ፤ የተወሰኑት በኋላ ወደ መኖሪያነት ተለወጡ። ቀኑ ስድስት ዓመት ቀድሞ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ያነበበው የምሳ ቤት ባለቤት በ2008 የአሥር ዓመት ሊዝ አይፈርምም ነበር።

ዛሬም እንደዚያ የሚነበብ ሰነድ አለ። የፌዴራሉን ሕንፃዎች የሚያስተዳድረው ጂኤስኤ የሚከራያቸውን ቢሮዎች ሁሉ ዝርዝር በየወሩ በኤክሴል ያወጣል። ሊከራዩ ካሰቡት ሱቅ አምስት ደቂቃ በእግር የሚያስኬደውን ሁሉ በአድራሻ ያጣሩ። ሁለት ቀን ያያሉ፦ ውሉ የሚያልቅበትና መንግሥት ያለ ቅጣት መውጣት የሚችልበት። የሚያሳስብዎ ሁለተኛው ነው። ውሉ 2034 ድረስ ተብሎ መውጫው 2027 ከሆነ ለእርስዎ ያ ቢሮ የ2027 ቢሮ ነው።

የተነገረ ዕቅድም እንዲሁ ገንዘብ አይደለም። ኖቬምበር 2023 የኤፍቢአይ ዋና ቢሮ ግሪንቤልት ይሄዳል ተባለ፤ ጁላይ 2025 ቀርቶ ሬገን ሕንፃ ይሁን ተባለ። አማዞን በ2018 ለአርሊንግተን 25,000 ሥራ ቃል ገባ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2023 ቢከፈትም ሁለተኛው ግንባታ እንዲዘገይ ተደረገ። የግብርና ሚኒስቴር ደግሞ ጁላይ 2025 ከአካባቢው 4,600 ያህል ሠራተኞቹ ከ2,000 የማይበልጡትን ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን ወደ አምስት ከተሞች እንደሚያዛውር አስታውቋል። መሬት ላይ ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ እስኪያዩ ድረስ በማስታወቂያ አይግዙ፣ በማስታወቂያም አይሽጡ።

ድርድሩ ላይ ሲቀመጡ ከኪራዩ ዋጋ ይልቅ መውጫው ላይ ይበርቱ። በወር 7,500 ዶላር የሚጀምር ኪራይ በየዓመቱ 3 በመቶ ሲጨምር በአሥረኛው ዓመት 9,786 ይደርሳል፤ ሰፈሩ ባዶ ቢሆንም ይጨምራል። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው። ከሦስተኛው ዓመት በኋላ በስድስት ወር ማስታወቂያ የመውጣት መብት፤ በምትኩ ባለቤቱ ለዕድሳት ካወጣው ያልተመለሰለትን ብር እርስዎ ይከፍላሉ። የግል ዋስትናው በሙሉ ውሉ ላይ ሳይሆን ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ኪራይ ላይ እንዲገደብ። የጋራ ወጪ ክፍያው የዓመት ጭማሪ ጣሪያ እንዲኖረው። የግል ዋስትናው ካልተገደበ ንግዱ ሲዘጋ ቤትዎንም ይዞ ይሄዳል፤ በዚህ ብቻ ብዙ የለፋ ቤተሰብ ተሰብሯልና ይህን ጥያቄ ያለ መልስ አይለፉ። ባለቤቱ ሦስቱንም እምቢ ካለ በጂኤስኤ ዝርዝር ያገኙትን መውጫ ቀን ያሳዩት፣ ከዚያ ዓመት በፊት የሚያልቅ አጭር ሊዝ ይጠይቁ።

ቤት ለሚገዙ ነገሩ አጠር ያለ ነው፦ ከላይ ያስሉት መቶኛ ከ70 በላይ ከሆነ ብድሩን በአንዱ ገቢ ብቻ መክፈል የሚችሉት ቤት ይፈልጉ፣ ወይም ከመዝጊያ ወጪ በኋላ የስድስት ወር ክፍያ በእጅዎ መቅረቱን ያረጋግጡ።

ሥራው ከቀረ፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

የፌዴራል ሠራተኛ የነበረ ሰው የሥራ አጥ ክፍያ የሚጠይቀው ይሠራበት በነበረው ግዛት ነው፤ በሚኖርበት ግዛት አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖሩ ዲሲ ከሠሩ ለዲሲ ያመልክቱ። ሜሪላንድ አመልክቶ ተመላልሶ ሳምንታት ያባከነ ብዙ ነው። ስታንዳርድ ፎርም 50 (የቅጥርና የስንብት ማስረጃ) እና ስታንዳርድ ፎርም 8 (የሥራ አጥ ክፍያ ማስታወቂያ) የሚባሉትን ከመውጣትዎ በፊት ከሰው ኃይል ክፍሉ ይያዙ፤ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ከተዘጋ በኋላ ማግኘት ያስቸግራል። የሳምንቱ ከፍተኛ ክፍያ በዲሲ 444፣ በሜሪላንድ 430 ዶላር ነው፤ ከ9,400 ዶላር የወር ገቢ ጋር አስተያይተው ወጪዎን በዚያው ሳምንት ይቁረጡ። የሥራ አጥ ክፍያውን በሻትዳውን ጊዜ የተቀበሉ ከሆነ ውዝፍ ደመወዝ ሲመጣ እንደሚመልሱት ይወቁና አያጥፉት።

የፌዴራል የጤና ኢንሹራንስ ከተሰናበቱ በኋላ ያለ ክፍያ 31 ቀን ይቀጥላል። ከዚያ እስከ 18 ወር ማራዘም ይቻላል፤ ዋጋው ግን የሠራተኛውም የመንግሥቱም ድርሻ ተደምሮ 102 በመቶ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የግዛቱን የኢንሹራንስ ገበያ ይጠይቁ፣ ለመመዝገብ 60 ቀን አለዎት። ክሊራንስ (ምስጢር ያለበት ሥራ ለመሥራት የሚሰጥ የደኅንነት ፈቃድ) ያለው ሰው ከሥራ ከወጣ በኋላ ብዙ ጊዜ 24 ወር ድረስ ሳያድስ ሊመለስ ይችላል፤ ቀኑን በካላንደር ይመዝግቡ፣ ከዚያ ቀን በፊት የተገኘ መጠነኛ ሥራ በኋላ ከሚገኝ ትልቅ ሥራ ሊበልጥ ይችላል።

ለቤተሰብ የሚላከውን ብር ማቋረጥ የማይቻልበት ቤት ብዙ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር ለሚላክ የ1 በመቶ ግብር አለ፤ ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም ከዚህ አገር ዴቢት ካርድ ከተከፈለ ግን የለም።

በዲሲ መሥሪያ ቤቶች አማርኛ በ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚታወቁት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለሥራ አጥ ክፍያ ሲደውሉም ሆነ ቢሮ ሲሄዱ «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብለው ይጠይቁ፤ ክፍያ የለውም፣ ልጅዎን ከትምህርት ቤት ማስቀረትም አያስፈልግዎትም። የተነገረዎትን ቀንና የማመልከቻ ቁጥር ስልኩን ከመዝጋትዎ በፊት አስደግመው ይጻፉ።